ባሏ በሰማበት ቀን

የኅዳር ሚካኤል በዓል በዚያ ዓመት እሑድ ቀን ስለ ዋለ፣ የላስ ቬጋስ ምእመናን ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ሳይለምኑ ሊያከብሩት ቻሉ። ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ወደ መንበሩ ሲመለስ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ጽጌወይን ብቻ አልተቀበለችም። በሌላው ጊዜ የእርሷ እልልታ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ፣ ከሁሉም በኋላ የሚያርፍ ነበርና አጠገቧ የቆሙት ዘወር እያሉ አዩአት። እርሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ መልሳም እየፈታች፣ ዓይኗን በወንዶቹ ወገን ወደ ቆመው ወደ ባሏ ትልክ ነበር። ከቀትር በኋላ በአደባባይ የምትናገረውን ነገር ባሏ ገና አልሰማም። መስማት የሚገባውም ከእርሷ አንደበት፣ ለብቻው፣ ከሰው ሁሉ በፊት ነበር።

ጽጌወይን በወጣትነቷ በሱዳን በኩል ተሰድዳ ወደዚህ አገር ከገባች ጀምሮ ብዙ ሥራ ሠርታለች፤ የሆቴል አልጋ አንጥፋለች፣ በካዚኖ ወጥ ቤት ሳህን አጥባለች። ኋላ ላይ ግን በፓራዳይዝ ሰፈር ባለ አንድ የአዛውንት መጦሪያ ቤት ተቀጥራ፣ እጃቸው የማይታዘዝላቸውን ማጉረስ፣ ጎናቸው የቆሰለውን ማገላበጥ እንጀራዋ ሆነ። ከምትጦራቸው ሁሉ ሚስ ዶሮቲ የሚሏት አንዲት አሮጊት ከጽጌወይን እጅ በቀር ከማንም እጅ አትጎርስም ነበር። እንግዲህ የፌዴራሉ መንግሥት በጤናና በእንክብካቤ ቤቶች የሚሠራ ሁሉ የወረርሽኙን ክትባት እንዲወስድ ባዘዘ ጊዜ፣ መጦሪያ ቤቱም እምቢ ያለውን እንደሚያሰናብት ባስታወቀ ጊዜ፣ ትእዛዙ ጽጌወይንን በሁለት በኩል ያዛት፤ በሥራዋና በስለቷ። ሃይማኖቴ ይከለክለኛል የሚል ሠራተኛ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ተፈቅዶ ነበር። የእርሷ ቀጠሮ ለነገ ሰኞ ነው።

ስለቷ እንዲህ ነበረ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ባሏ ተክለማርያም በወረርሽኙ ተይዞ ሆስፒታል ገባ፤ በመተንፈሻ ማሽን ላይም ተኛ። ጠያቂ አይገባም። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ቅዳሴው በስልክ ይሰማ ነበር። ጽጌወይን በሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ ሰገነት ላይ ቆማ፣ ከዚያ ሁሉ መስኮት የትኛው የእርሱ እንደ ሆነ ሳታውቅ ሁሉንም በየተራ እያየች ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጮኸች። ጥላና መጋረጃ፣ ጧፍና ዘቢብ ሌላው ሁሉ የሚሳለው ነው፤ እርሷ ከገዛ ሥጋዋ ልትሰጥ ወደደች። ይህን ሰው ብትመልስልኝ እስከ ዕለተ ሞቴ በዚህ ገላዬ ላይ የመድኃኒት መርፌ አይገባም፣ ብታመምም ጠበልህ ይበቃኛል ብላ ተሳለች። ያን ጊዜ ክትባቱ ገና አልተገኘም። ተክለማርያምም ከስቶ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ነገር ግን በእግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ይህን የሰሙት የንስሐ አባቷ ቀሲስ ኤልሳዕ ብቻ ናቸው። ቀሲስ በትርጓሜ ቤት ያደጉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ከባድ ስለት መሳሏን አልሸሸጓትም። ቤተ ክርስቲያን ሐኪምንና መድኃኒትን እንደማትነቅፍ፣ እንዲህ ያለውም ስለት በቀኖና ሊፈታ እንደሚችል ነገሯት። እርሷ ግን የለመንሁትን ተቀብዬ የሰጠሁትን እንዴት እነጥቃለሁ ብላ እምቢ አለች። ቀሲስም ሌላ ነገር አስታወሷት። በሙሴ ሕግ ባለትዳር ሴት ስለት ብትሳል፣ ባሏ በሰማበት ቀን ሊሽረው ሥልጣን አለው፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል። በሰማበት ቀን ዝም ካለ ግን ስለቷ ይጸናል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢሽረው በደሉን የሚሸከመው እርሱ ነው።

«ተክለማርያም ስለትሽን ሰምቷል?» ብለው ጠየቋት።

«አልሰማም፣ አባ።»

«እንግዲያስ ያ ቀን ገና ይመጣል» አሏት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጽጌወይን ያንን ቀን ስትገፋው ኖረች። መጀመሪያ ሕመሙ ያገረሽበታል ብላ ዝም አለች። ቀጥሎም ተክለማርያም የሰማውን የማያሳድር ሰው ነውና ከተማው ሁሉ ይሰማል ብላ ፈራች። ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ወገኖቹ «ራዲዮ ተክሌ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ቀልደኞቹማ የመተንፈሻው ማሽን እንኳ ቃል ማስገባት አቅቶት ለቀቀው እያሉ በፊቱ ይስቁበት ነበር፤ እርሱም አብሮ ይስቃል። ክትባቱ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የተሰለፈ እርሱ ነው። ሚስቱንም ውሰጂ እያለ ሲለምናት፣ ሲያባብላት፣ ሲቆጣት ወራት አለፉ። በዚያ ቱቦ ሥር ያየሁትን አንቺ እንድታዪው አልሻም ይላታል። እርሷም አልወስድም ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም። ስለዚህ ተክለማርያም ሚስቱን ያሳታት ዳጊ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዳጊ በዲቪ የመጣ፣ በካዚኖ ካርታ በማደል የሚተዳደር፣ ነገር ሲይዝ እንቅልፍ የማያውቅ ሰው ነው። ትእዛዙ ከወጣ ወዲህ የሃይማኖት ነጻነት ይከበር የሚሉትን ነርሶች፣ የመጦሪያ ቤት ሠራተኞችና የየቤተ እምነቱን ሰዎች በስልክ እየጠራ፣ ከሺፍት በኋላ በየሰው ሳሎን እየሰበሰበ ሰልፍ ያስተባብር ነበር። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት የለም፤ ድምፅ ማጉያውን እንኳ ከሠርግ ቤት ነው የተዋሰው። ቀሲስ ኤልሳዕን ካባ ለብሰው፣ መስቀል ይዘው በሰልፉ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ክትባትን ትከለክላለች እንዲሉለት ለምኗቸው ነበር።

«ልጄ፣» አሉት ቀሲስ፣ «አባቶቻችን በኅዳሩ በሽታ ጊዜ ምሕላም ያዙ፣ ቆሻሻም አቃጠሉ። አንዱን ይዘው ሌላውን አልጣሉም። ቤተ ክርስቲያን ያልከለከለችውን ከለከለች ብዬ እውነትን በሐሰት አላስጠብቅም። ነገር ግን የሰውን ሕሊና በእንጀራው አስፈራርቶ ማስገደድ ግፍ ነው። ይህን ለማለት ከሆነ እመጣለሁ።»

«አባ፣ ይሄ እኮ በፖስተር ላይ አይበቃም።»

«ሰፋ ያለ ፖስተር ግዛ» አሉት።

ጽጌወይንንም እንድትናገር የለመናት ዳጊ ነው። እርሷም እሺ ያለችው ነገ ለማታውቃቸው ሰዎች የምትናገረውን ዛሬ በወገኖቿ ፊት መናገር ድፍረት ይሰጠኛል ብላ ነበር። ለባሏ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሰልፉ ሲሄዱ በመኪና ውስጥ ልትነግረው ቆረጠች።

ተክለማርያም ግን መኪናውን ካስነሣበት ጊዜ ጀምሮ ይናገር ነበር። መዘምራኑ ዛሬ አንዱን ዜማ አፋጠኑት አለ። ስለ ቤንዚን ዋጋ ተናገረ። ትንፋሹ ሲያጥር ያርፋል፤ ጽጌወይንም በዕረፍቱ መካከል ልትገባ አፏን ስትከፍት እርሱ ትንፋሹን ሰብስቦ ይቀጥላል።

«ተክሌ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው በመጨረሻ።

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» አላትና የጀመረውን ወሬ ቀጠለ፤ ከዚያ ወሬ ሌላ ወሬ ተወለደ። እርሷም እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ የመንገዱን መብራት ትቆጥር ጀመር። ቀይ በሆነ ቁጥር አሁን እነግረዋለሁ ትላለች፤ አረንጓዴ ይሆናል። መሀል ከተማ ደርሰው በፌዴራሉ መንግሥት ሕንፃ ፊት ያለው አደባባይ በሰው ተሞልቶ ሲታይ ተክለማርያም ወሬውን አቋርጦ፣ «እኔ ከዳጊ ጋር አልሰለፍም። ፓርክ አድርጌ እጠብቅሻለሁ» አለ። እርሷ ገና መልስ ሳትሰጥ ከኋላ የቆመው መኪና ጡሩምባ ነፋባቸው። ወረደች። እንዲህም ሆኖ ለባሏ ሳትነግረው ቀረች።

በአደባባዩ ላይ የኅዳር ነፋስ ባነሩን ሁሉ እንደ ሸራ ይነፋው ነበር። በአንድ ወገን መቁጠሪያ የያዙ ስፓኒሽ ተናጋሪ ካቶሊካውያን ይጸልያሉ፤ በሌላ ወገን ጴንጤዎች በጊታር ይዘምራሉ፤ የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ የመጡ ነርሶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ቆመዋል። ከመካከላቸው የመጨረሻ ሺፍታቸውን ጨርሰው የመጡ አሉ። ስድብ የተጻፈበት ሰሌዳ ያነገበ አንድ ሰው ሲመጣ ቀሲስ ኤልሳዕ ፊታቸውን መለሱ፤ ዳጊም ሄዶ ሰሌዳውን እንዲያወርድ በብዙ ልመና አስማማው። ነጠላ የለበሱት ከቅዳሴው በቀጥታ የመጡ ነበሩና በአንድ ጥግ ተሰብስበው፣ ሰልፍ እንደማያውቅ ሰው እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ነበር።

ቀሲስ በአጭር ጸሎት ከፈቱ። ስለ ሕሊና ነጻነት የተናገሩትም በፖስተሩ ላይ ከሚበቃው ብዙ አልበለጠም። ከዚያም ዳጊ ጽጌወይንን ወደ ድምፅ ማጉያው አቀረባት፤ እርሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እርሱ ይተረጉማል። ዓይኗ በሕዝቡ ላይ ሲንከራተት ባሏን አገኘው። ተክለማርያም ለብቻው በመኪና ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለበትም፤ ወደ አደባባዩ ጠርዝ መጥቶ ሥራ የፈታ ፖሊስ አግኝቶ ያጫውተው ነበር።

«እኔ የተማርሁ አይደለሁም» አለች። «ቤተ ክርስቲያኔ ክትባትን አትከለክልም።»

ዳጊ ይህን አልተረጎመውም። ጽጌወይን ወደ እርሱ ዘወር ብላ ጠበቀች። ከሕዝቡ መካከል ምን አለች የሚል ማጉረምረም ተነሣ።

«ተርጉመው፣ ዳጊ።»

ዳጊም ፊቱ ቀልቶ እንዳለችው ተረጎመው። ጊታሩ ቆመ። አንድ ሰው ጮኸባት፤ ከነርሶቹ አንዷ ዝም አሰኘችው።

«እኔን የሚከለክለኝ ስለቴ ነው። ባሌ በማሽን ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ቢድንልኝ በገላዬ መርፌ አይገባም ብዬ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳልሁ። ባሌም ዳነ። እናንተ መርፌውን አትውሰዱ አልልም፤ የማጎርሳት አሮጊት ወስዳለች፣ ባሌም ወስዷል፣ እሰየው። እኔ ከመልአኩ ጋር የተዋዋልሁትን ግን መንግሥት መካከል ገብቶ እንዲያፈርሰው አልፈቅድም።» ከዚህ ላይ ልታበቃ አስባ ነበር። ነገር ግን የፖሊሱን ክንድ እንደ ያዘ ደርቆ የቀረውን ባሏን ስታይ፣ ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ። «ማፍረስ የሚችል ሌላ ነው። እርሱም እዚህ አለ።»

ጭብጨባው የተዘበራረቀ ነበር፤ ከፊሉ አጨበጨበ፣ ከፊሉ ምን ማለቷ እንደ ሆነ እርስ በርሱ ተጠያየቀ። ጽጌወይን ወርዳ ወደ ቀሲስ ሄደችና እባክዎ ሕጉን እርስዎ ይንገሩት ብላ ለመነቻቸው፤ እኔ ከነገርሁት አንዱን እንዲመርጥ የገፋሁት ይመስለዋል አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ በንስሐ የሰሙትን ለባሏ ሊነግሩት የማይቻላቸው ቀሲስ፣ አሁን እርሷ ራሷ ስለ ገለጠችው ወደ ተክለማርያም ሄደው ሕጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዱት። መሻር እንደሚችል፣ ቢሽረውም ሚስቱ ነገ ያለ ነቀፋ መርፌውን ወስዳ በሥራዋ እንደምትቀጥል ነገሩት። ዝም ቢል ደግሞ ስለቷ እንደሚጸና፣ ከሥራዋም ብትወጣ በጤናዋም ላይ ጉዳት ቢመጣ እርሱም ፈቅዶ የገባበት እንደሚሆን አልሸሸጉትም።

«ፀሐይ እስክትገባ በእጅህ ነው» አሉት። «ምክር የሚሰጥህ አይታጣም። ቃሉ ግን ያንተ ብቻ ነው።»

ተክለማርያም አፉን ከፈተ። ቀሲስም መስቀላቸውን አቀረቡለትና፣ «አሁን አትመልስልኝ» አሉት። ተሳለመና ዝም አለ።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ዳጊ ሮጦ ደረሰባቸው። ነገሩን ከቀሲስ አጠገብ ቆሞ ሰምቶ ነበር። «ጋሼ ተክሌ፣ ይቅርታ፣ በመካከላችሁ ልገባ አይደለም» አለና በመካከላቸው ገባ። ሰዉ ሁሉ ዛሬ የእርሷን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፣ ማታ ተሰረዘ ቢባል ነገ በስንቱ ላይ ይሳቃል እያለ ለመነው። ተክለማርያም በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ሰው የሚመልሰው የአንድ ሳምንት ንግግር ነበረው። ዳጊን አየው፤ የመኪናውን በር ለሚስቱ ከፈተላት፤ ዞሮ ገባና ነዳ።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ግን አልያዘም። በስፕሪንግ ማውንቴን ጎዳና ወደ ምዕራብ አቀና። በቻይናታውን በኩል ሲያልፉ እሑድ ነውና የምግብ ቤቱ ወረፋ እስከ መንገድ ወጥቶ ነበር፤ ሌላ ጊዜ በዚህ ሲያልፍ ስለ እያንዳንዱ ደጅ የሚያወራው አያጣም ነበር። የመኪናውን ራዲዮ እንኳ አልከፈተም። ጽጌወይን ሠላሳ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር የመኪና ሞተር ድምፅ ይህን ያህል ከፍ ብሎ ሰምታ አታውቅም። ቀይ መብራት ያዛቸው። ተክለማርያም ወደ እርሷ ዘወር አለ።

«አንቺ…»

ጽጌወይን ፊቷን ወደ እርሱ መለሰች።

«ውኃ ይዘሻል?»

ሰጠችው፤ ጠጣ፤ መብራቱም አረንጓዴ ሆነ።

ያን ጊዜ ጽጌወይን የገዛ ልቧን አይታ ደነገጠች። ቃሉን እየጠበቀች ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ነገ የሚጠይቃት የለም፣ ሚስ ዶሮቲ እንደ ሁልጊዜው ከእጇ ትጎርሳለች፣ በሰማይም በምድርም የሚነቅፋት አይገኝም። በአደባባይ ማንም አያስገድደኝም ብላ ከጮኸች ብዙም ሳይቆይ፣ ባሌ አስገድዶኝ ባረፍሁ ብላ ተመኘች። ወዲያው ደግሞ ፈራች። ከሻረው ለዚህ ሰው ሕይወት ምን ሰጠሁ? በዚያ ሰገነት ላይ የቆመችው ሴት ባዶ እጇን ቆማ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ሐሳቦች በየመብራቱ እየተፈራረቁ ያዟት፤ ቀበቶዋን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ በረዳትና ዘጋችው።

የተክለማርያም ስልክ ጮኸ። በሬኖ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው እየሩስ ነበረች፤ ድምፅዋ መኪናውን ሞላው። «አባ፣ የሰልፉን ቪዲዮ አየሁት። እማ አጠገብህ ናት? እማ፣ አይ ላቭ ዩ፣ ግን ይሄ ክሬዚ ነው። አባ፣ አንድ ነገር በላት። አንተን ትሰማለች። እሷ እንደ አንተ ብትታመምስ? ያኔም እኮ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ፕሊስ፣ አባ።» ቀጥላም፣ «አባ፣ ትሰማኛለህ?» አለች።

«እሰማሻለሁ» አለ ተክለማርያም። ልጁ ጥቂት ጠብቃ ስልኩን ዘጋች።

ከተማው አልቆ ቀዩ ተራራ ፊት ለፊት ሲቆም፣ ተክለማርያም በአንድ የተዘጋ መደብር ማቆሚያ ላይ መኪናውን አቆመና ወጣ። የኅዳር ቀን አጭር ነው፤ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብዙ አልራቀችም። እርሱም በመኪናው አፍንጫ ላይ ሁለት እጁን አኑሮ፣ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ እያለ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያያት ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲጸልይ ይሁን ሲከራከር ጽጌወይን አታውቅም፤ ከመስተዋቱ ወዲህ ድምፅ አይሰማም። አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ ወደ እርሷ ሁለት እርምጃ መጣ። እጁ በሩን ነካ። እርሷም መስኮቱን ልታወርድ ጣቷን በቁልፉ ላይ አደረገች፣ ነገር ግን አልተጫነችውም። እርሱም ተመልሶ ወደ ቦታው ሄደ።

ብርሃኑ ከተራራው ጫፍ ላይ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ። ከኋላቸው የሆቴሎቹ መብራት መንደድ ጀመረ። ተክለማርያም ጥቂት ቆይቶ ወደ መኪናው ገባና በሩን ዘጋ።

«ገባች?» አላት።

«ገባች።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የቀጠሩሽ? እኔ አደርስሻለሁ። አውቶቡስ ምናምን እንዳትዪ።»

«ተክሌ…»

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያኔ ቱቦውን ሲያስገቡብኝ ማንም አልጠየቀኝም። አንቺም ስትሳዪ አልጠየቅሽኝም። በዚህ ተቀይሜሻለሁ፣ ገና እቀየማለሁ። መርፌውን ውሰጂ እያልሁ የምጨቀጭቅሽ ፈርቼ ነው። ነገም እጨቀጭቅሻለሁ። ማዘዝ ግን ሌላ ነው።»

ከዚያም መኪናውን አስነሣ። እስከ ቤታቸው ድረስ ስለዚያ ፖሊስ አወራላት፤ እናቱ ከየት እንደ መጣች፣ ደመወዙ እንዴት እንደማይበቃው፣ ባቄላ እንዴት እንደሚወድ። ጽጌወይን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስና በየመካከሉ «እ?» ትለው ነበር፤ ካላለችው አይቀጥልምና።

በማግሥቱ በመጦሪያ ቤቱ የጠየቋት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ትሑታን ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ግን ከቀኖና ይልቅ ለሕግ ሰዎች የሚስማማ ነው። ቤተ ክርስቲያንሽ ክትባትን ታወግዛለች ወይ አሏት፤ አታወግዝም አለች። ታዲያ ከልካይሽ ማን ነው አሏት፤ ስለቷን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ብዕሯን አቁማ፣ ከዚህ ስለት ነጻ ሊያወጣሽ የሚችል ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ነበረ» አለች ጽጌወይን። «ትናንት ፀሐይ ስትገባ አለፈ።»

ሴትዮዋ ይህን እንዴት አድርጋ እንደ ጻፈችው አልታወቀም። ከሥራ አላሰናበቷትም፤ ከአዛውንቱ ክፍሎች ግን አውጥተው ለጊዜው ወደ ልብስ ማጠቢያው አዘዋወሯት። በአንድ ጣራ ሥር እያለች ሚስ ዶሮቲን ማየት አይፈቀድላትም። አዲሷን ተንከባካቢ በመተላለፊያው አግኝታ፣ አሮጊቷ ሾርባውን የምትቀበለው ጥቂት ዜማ ሲያንጎራጉሩላት እንደ ሆነ አስረዳቻት። ልጅቷም የትኛውን ዜማ አለች። ጽጌወይን የምታንጎራጉረው የሚካኤልን መዝሙር ነበርና፣ «የራስሽን» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ጽጌወይን ከማጠቢያው ማሽን ፊት ቆማ፣ ከየክፍሉ በሚመጣው የልብስ ክምር ውስጥ የሚስ ዶሮቲን የአንገት ጨርቅ ትፈልግ ጀመር፤ በጠርዙ ላይ ስሟ ተሰፍቶበታል። በመጀመሪያው ቀን ንጹሕ ሆኖ መጣ። በሁለተኛውም ቀን ንጹሕ ነበር። ጨርቁን በመዳፏ ላይ ዘርግታ አንድም የሾርባ ነጠብጣብ ስታጣበት ሥራው ከእጇ ይጠፋል፤ ማታ በመኪና ውስጥ ተክለማርያም ሲያወራ አትሰማውም፣ ሌሊት ትገላበጣለች። ባሏም ምን ሆነሻል ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ እንደ ቃሉ፣ መርፌውን ወስደሽ ብትመለሺስ ብሎ ጨቀጨቃት። አልወስድም አለችው። እርሱም ሌላ ወሬ ጀመረ።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ አንድ ጧት ያ ጨርቅ ከአገጭ እስከ ደረት ድረስ የካሮት ሾርባ ፈስሶበት፣ ደርቆ፣ ተጨማዶ መጣ። ጽጌወይን አንሥታ አየችው፤ አሸተተችው። ማሽኖቹ ሁሉ እየዞሩ ስለ ነበር ማንም አልሰማት፤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ያስቀረችውን እልልታ ግን እዚያው በልብስ ክምሩ መካከል ቆማ አስገባችው።